ሦስት ብልቃጥ ደም

«እናቷም እንዲሁ ነበረች፣ ነፍሷን ይማረውና። ስንፍናም እንደ አፍንጫ በዘር ይወርዳል መሰለኝ» አለች አክስቷ በስልክ። ልጅቷ ፊቷን ልትታጠብ ወጥታ ኮሪደሩ ላይ ቆማ ነበር፤ በአንድ እጇ ፎጣ፣ በሌላው የጥርስ ብሩሽ ይዛለች። የወጥ ቤቱ በር ገርበብ ብሏል። አክስቷ ጀርባዋን ሰጥታ፣ ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል አጣብቃ ዳቦ ትቆርጣለች። ከወዲያ በኩል ያለው የሚሠሩበት ልብስ ማጠቢያ ድርጅት ሥራ አስኪያጅ መሆኑ ያስታውቃል፤ አክስቷ «አዎ ጌታዬ» የምትለው ሌላ ሰው የለም። «አዎ ጌታዬ፣ ዛሬ ሁለታችንም አንገባም። ሐኪሟ ቤተሰብ ይዘሽ ነይ ስላለቻት ነው። እኔማ ምንም አያገኙባትም ባይ ነኝ። ካላገኙባት ነገ ከእኔ ቀድማ መተኮሻው ፊት ትቆማለች። አልቆምም ካለች ደግሞ በእኔ በኩል ቅሬታ የለኝም፣ በቦታዋ ሌላ ሰው ይቅጠሩ።»

ልጅቷ ወደ ክፍሏ ተመልሳ አልጋዋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። የነካት ሰነፍ መባሉ አልነበረም፤ እሱንስ ለምዳዋለች። ሥራ ቦታ «ኤሊ» የሚል ስም ካወጡላት ሁለት ዓመት ሊሞላ ነው፤ እሷም ኤሊ ሲሏት አቤት ማለት ጀምራለች። የከበዳት የእናቷ ነገር ነው። እናቷ የሞተችው እሷ ሦስት ዓመት ሳይሞላት ነበር። በዚህ ቤት ደግሞ የሟች ነገር አይነሳም። አክስቷ አታነሳም፣ አያቷም አያነሱም፤ እሷም ብትጠይቅ «ታማ ሞተች» ከሚል በቀር መልስ አግኝታ ስለማታውቅ መጠየቁን ትታዋለች። ስለ እናቷ አዲስ ነገር ከሰማች ዓመታት አልፈዋል። ዛሬ ሰማች፤ የሰማችውም ይህን ሆነ።

አክስትና የእህት ልጅ የሚሠሩት የሆቴሎችን አንሶላና የጠረጴዛ ልብስ የሚያጥብ ድርጅት ውስጥ ነው። አክስቷ የመተኮሻ ክፍሉ አለቃ ናት። ሠላሳ ዓመት እንፋሎት ውስጥ ቆማለች፤ አንድም ቀን ከሥራ ቀርታ አታውቅም፤ ጉንፋን እንኳ ደፍሮ የሚይዛት በእረፍቷ ቀን ነው እያሉ ሠራተኞቹ ይቀልዱባታል። ልጅቷ ትልቁ መተኮሻ ማሽን ፊት ቆማ እርጥቡን አንሶላ ለጋለው ሲሊንደር ታጎርሳለች፣ በወዲያ በኩል ሌላ ሴት እየተቀበለች ታጥፋለች። መጀመሪያ ላይ እንደማንም ሰው ትሠራ ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ጉልበቷ ከዳት። ጎንበስ ብላ ቅርጫት አንስታ ቀና ስትል ዓይኗ ላይ ይጨልምባታል። ልብሷ ሁሉ ሰፋት። ቆዳዋ ጠቆረ፤ የጣቶቿ መገጣጠሚያ፣ የመዳፏ መስመሮች፣ የድሮ የቃጠሎ ጠባሳዋ ሳይቀር ከሰል መሰለ። «ሌላውን ሰው እንፋሎት ያነጣዋል፣ አንቺን ያጠቁርሻል» ትላታለች አንሶላ ተቀባይዋ። በሽርጧ ኪስ ጨው በወረቀት ጠቅልላ ትይዛለች፤ ሰው ሳያያት በጣቷ እየነካች ትልሳለች። ለምን እንደሆነ አታውቀውም፤ ሌላው ሰው ከረሜላ እንደሚያምረው እሷን ጨው ያምራታል። ባለፈው ሳምንት ቅርጫት ላይ በግንባሯ ተደፋች። ሆስፒታል ስትሄድ አንዲት ወጣት ሐኪም አስተኝታ የደም ግፊቷን ለካች፣ አቁማ እንደገና ለካች፣ ድዷን አየች፣ እጇን ይዛ ወደ መስኮቱ ወስዳ መዳፏን አገላብጣ አየችና የመድኃኒት ማዘዣ ጻፈችላት። «መርፌውን ገዝተሽ፣ ከቤተሰብ አንድ ሰው ይዘሽ፣ ጠዋት ነይ» አለቻት።

ሲወጡ አያቷ ሳሎን ውስጥ በሩ አጠገብ ባለው ወንበር ከዘራቸውን ይዘው ተቀምጠው ነበር። ጡረታ የወጡ ግንበኛ ናቸው፤ ዛሬም ድረስ ጎህ ሳይቀድ ተነስተው ለባብሰው ይቀመጣሉ፣ ሰው መጥቶ ወደ ሥራ የሚወስዳቸው ይመስል። «ዛሬስ ወዴት ነው?» አሉ። አክስቷ «ሐኪም ቤት» አለች። «ሁለታችሁም?» «ሁለታችንም።» አዛውንቱ ትንሽ አሰቡና «እኔን በዕድሜዬ መርፌ የወጋኝ አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ቀድሞኝ ሞተ» አሉ። አክስቷ የቆረጠችውን ዳቦ በላስቲክ ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ቀድማ ወጣች።

ፋርማሲው ሆስፒታሉ ሳይደረስ መታጠፊያው ላይ ነው። ፋርማሲስቱ ማዘዣውን ሁለት ጊዜ አንብቦ ወደ ጓዳ ገባና ከማቀዝቀዣ ያወጣትን የትንሽ ጣት ጫፍ የምታክል ብልቃጥ ይዞ ተመለሰ። ዋጋዋን ሲነግራቸው አክስቷ መነጽሯን አደረገች። «ለዚህች? እንባ እንኳ ከዚህ ይበዛል» አለች። ፋርማሲስቱ ፈገግ ብሎ መድኃኒቷ እንደ ልብ የምትገኝ አለመሆኗን፣ ከቅዝቃዜ ከወጣች እንደምትበላሽ ነገራት። «ታዲያ የምትበላሽ ከሆነች ይቀንሱልና፣ ቲማቲምም ሲበላሽ ይቀነሳል» አለች አክስቷ። አልቀነሰም። ብልቃጧን በበረዶ ከረጢት ጠቅልሎ ሲሰጣቸው አክስቷ ተቀብላ፣ በሹራቧ ሸፍና፣ እንደ እንቁላል በሁለት እጇ ይዛ መንገዱን ተሻገረች። ልጅቷ ከኋላዋ ቀስ እያለች ተከተለች። ሰው ይህን ያህል ተጠንቅቆ የያዘላት ነገር መኖሩን አታስታውስም፤ ይሁንና አክስቷ የምትጠነቀቀው ለዋጋው ይሁን ለእሷ መለየት አልቻለችም።

ክፍሉ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነበር። አክስቷ ደረጃውን ስትወጣ በየመታጠፊያው ቆማ ትጠብቃታለች። ባቡር እንደምትጠብቅ ሰው ወደ ሌላ ወገን ትመለከታለች። ልጅቷ በእጇ ብረቱን ይዛ፣ ልቧ ጆሮዋ ውስጥ እየመታ፣ አንድ አንድ ደረጃ ትወጣለች። አንድ ጽዳት ሠራተኛ ባልዲውን አንስቶ መንገድ ለቀቀላትና «አይዞሽ እህቴ» አላት። ለእሱ መልስ የሚሆን ትንፋሽ አጣች።

ወጣቷ ሐኪም ሁለቱንም አስቀምጣ ምርመራውን አስረዳቻቸው። ከአንጎል ሥር የአተር ፍሬ የምታክል ዕጢ አለች፤ እሷ ሆርሞን ትልካለች። ከኩላሊት አናት ላይ ደግሞ ሁለት ሌሎች ዕጢዎች አሉ፤ የላይኛዋ መልእክት ሲደርሳቸው ኮርቲዞል የሚባለውን ያመርታሉ። ሰው ያለ እሱ መቆም አይችልም። ብልቃጧ ውስጥ ያለው የላይኛዋ ዕጢ የምትልከውን መልእክት እንዲሆን ተደርጎ የተሠራ መድኃኒት ነው። «አሁን ደም እንቀዳለን፣ ከዚያ መርፌውን እንሰጣታለን፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ እንደገና እንቀዳለን፣ አንድ ሰዓት ሲሞላ ደግሞ ለሦስተኛ ጊዜ። ዕጢዎቹ ደህና ከሆኑ ኮርቲዞሉ ይጨምራል። ካልሆኑ አይጨምርም።» አክስቷ «ደሟን ሦስት ጊዜ ቀድታችሁ መልሳችሁ ደከመሽ ልትሏት ነው?» አለች። ሐኪሟ ሳቀች። አክስቷ ግን እየቀለደች አልነበረም። «ሰው ቢያስመስልስ?» ብላ ጠየቀች። ሐኪሟ ወደ ልጅቷ አየት አደረገችና «ይህን ማስመሰል አይቻልም» አለች። አክስቷ ራሷን ነቀነቀች። «እኔም የምፈልገው እንዲህ ያለውን ነው።»

ከዚያ ጥያቄው መጣ። ከመቼ ጀምሮ ነው የሚደክምሽ? ስትነሺ ያዞርሻል? ያስመልስሻል? ጨው ጨው ይልሻል? ልጅቷ አንገቷን አቀርቅራ፣ በጣቷ የቀሚሷን ጠርዝ እየጠቀለለች፣ «አዎ» አለች፤ ስለ ጨው ስትጠየቅ ደግሞ ከኪሷ ውስጥ ያለውን ወረቀት አውጥታ አሳየች። ስትሰርቅ የተያዘች መሰላት። ሐኪሟ ግን ምንም ሳይደንቃት ጻፈች። «ከሥጋ ዘመድ እንዲህ የሆነ ሰው ነበር?» አለች ወደ አክስቷ ዞር ብላ። «የለም» አለች አክስቷ። መልሱ ፈጠነ። ዓይኗ ግን ወረቀቱ ላይ ቀርቷል፤ እጥፋቱ ውስጥ የተሰበሰበው ጨው እርጥበት ነክቶት ድንጋይ ሆኗል።

ነርሱ ግዙፍ ሰው ነው፤ እጁ ግን ቀላል ነበር። አልጋው ላይ አጋድሞ፣ ክንዷ ላይ ቀጭን ቱቦ አስገብቶ የመጀመሪያውን ብልቃጥ ሞላ። ከዚያ የበረዶውን ከረጢት ከአክስቷ እጅ ተቀብሎ መድኃኒቱን በመርፌ ቀዳና ቀስ አድርጎ ሰጣት። «አሁን ሰዓት መቁጠር ብቻ ነው» ብሎ ግድግዳው ላይ ካለው ሰዓት ጋር የእጁን ሰዓት አስተያየና ወጣ። ክፍሉ ጠባብ ነው። አንድ አልጋ፣ አንድ የብረት ወንበር፣ አንድ መስኮት አለው፤ በመስኮቱ የሆስፒታሉ የልብስ ማጠቢያ ጓሮና ገመድ ላይ የተሰጡ አረንጓዴ ልብሶች ይታያሉ። በሌላ ቀን ቢሆን አክስቷ አሰጣጡን ትነቅፍ ነበር። ዛሬ ጀርባዋን ወደ መስኮቱ አድርጋ ተቀመጠች። ዳቦውን ከቦርሳዋ አወጣች፣ አልበላችም፣ መልሳ ከተተችው። ልጅቷ በመርፌው አካባቢ ትንሽ ሙቀት ከተሰማት በቀር ምንም አልተሰማትም። ጠዋት የሰማችውን ለመናገር ሦስት ጊዜ አፏን ከፈተች፣ ሦስት ጊዜም ዋጠችው። ነርሱ ተመልሶ ሁለተኛውን ብልቃጥ ሞልቶ ሲወጣ ግን መጀመሪያ የተናገረችው አክስቷ ነበረች።

«እናትሽ ጨው ትልስ ነበር» አለች።

ልጅቷ ቀና ልትል ስትል አክስቷ በእጇ መልሳ አስተኛቻት። «ተኚ፣ ተኝተሽ ስሚ። ከጣሳው በጭብጧ ዘግና ትወስድ ነበር። አባባ ጣሳውን ቁም ሣጥን ላይ ሰቀሉት፤ ወንበር ቆማ አወረደችው። ለሥራ የማትነሳ ለጨው ትነሳለች ብለን ሳቅንባት። ጠቁራም ነበር። ፀሐይ ነው አልናት፤ ከቤት የማትወጣውን ልጅ ፀሐይ ነው ያጠቆረሽ አልናት እኮ!» አክስቷ ይህን ስትል ድምፅዋ ከፍ አላለም፤ የልብስ ብዛት እንደምትናገር ሆና ነው የምታወራው። «የሞተችው አሁን ወዳለንበት ቤት የገባን ቀን ነው። መኪና ስላልነበረን ዕቃውን እየተሸከምን ነው ያመላለስነው። ሁለት ቀን ሲያስመልሳትና ሲያተኩሳት ቆይቷል። ሁላችንም ላይ ታች ስንል እሷ የተጠቀለለ ፍራሽ ላይ ተቀምጣ ታየናለች። ተነሺ አልኳት። የምትነሺው ስንጨርስ ነው ወይ አልኳት። አባባ መጥተው ክንዷን ይዘው አስነሷትና ወንበር አሸከሟት። እኔ ፊት ፊት እሄድ ስለነበር እንዴት እንደደረሰች አላየሁም። አዲሱ ቤት ስንገባ ጥግ ይዛ ተኛች። ለራት ስንጠራት አልተነሳችም። እኔም ተዉአት፣ ሥራው አልቋልና አሁንማ ትተኛ አልኩ።»

ከውጭ በኩል አንድ ጋሪ እየተንኳኳ አለፈ። ልጅቷ ጣሪያውን እያየች ነበር። «ጠዋት በስልክ ያልሽውን ሰምቻለሁ እቴቴ» አለች። አክስቷ ከወንበሯ ተነስታ፣ ልጅቷ እግር ሥር የተሰበሰበውን ብርድ ልብስ ዘርግታ አለበሰቻት። ጠርዙን እንደ ሥራዋ ልማድ በመዳፏ እያለሰለሰች፣ እጥፋት የሌለበትን ቦታ እየደጋገመች ቆየች። ነርሱ ሦስተኛውን ደም ሊቀዳ ሲገባ ያገኛት እንዲሁ ቆማ ነው።

ውጤቱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ይደርሳል ስለተባለ ሆስፒታሉ ግቢ ውስጥ ካለው ሻይ ቤት ገብተው እንቁላል አዘዙ። አክስቷ አንድ ጉርሻ ብቻ በላች። ልጅቷ «ቁመቷ እንዴት ነበር?» ብላ ጠየቀች። አክስቷ ስለማን እንደሆነ አልጠየቀችም። «ካንቺ ትንሽ ትረዝማለች። ስትስቅ ድምፅ የላትም፣ ትከሻዋ ነው የሚስቀው» አለች።

ስምንት ሰዓት ካለፈ በኋላ ሐኪሟ ጠራቻቸውና ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። ሦስት ቁጥሮች ነበሩ፤ ከመርፌው በፊት፣ ከግማሽ ሰዓት በኋላ፣ ከአንድ ሰዓት በኋላ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ናቸው ማለት ይቻላል፤ ሦስቱም ዝቅተኛ ናቸው። ጤነኛ ሰው ላይ የመጨረሻው ቁጥር ብዙ እጥፍ ሊሆን ይገባው እንደነበር ሐኪሟ በእስክርቢቶዋ እያመለከተች ነገረቻቸው። አክስቷ መነጽሯን አድርጋ ወረቀቱ ላይ አጎነበሰች። በጥንቃቄ፣ አንድ በአንድ አነበበቻቸው። ከዚያ ቀና ብላ «ሰነፍ ሰው ላይስ ስንት ነው የሚወጣው?» ብላ ጠየቀች።

ሐኪሟ መጀመሪያ ጥያቄው አልገባትም ነበር፤ ሲገባት እስክርቢቶዋን አስቀመጠች። «ሰነፍ ሰው ላይ ይጨምራል» አለች። «ሰነፍ ሰው ጤነኛ ነው። ይህች ልጅ ባዶ ሰውነት ይዛ ነው ስትሠራ የኖረችው። እንዴት ቆማ እንደሠራች ነው እኔን የገረመኝ።»

ልጅቷ ያለቀሰችው ያኔ ነው። ታመሻል ተብላ እንደማልቀስ አልነበረም። የሆነ ጠባብ ጫማ ያወለቁላት ያህል ነው የተሰማት፤ እንባው ራሱ መጣ፣ ራሱም ቆመ። አክስቷ ግን አላለቀሰችም። ስለ እህቷ ለሐኪሟ ነገረቻት፤ ጨውን፣ ጥቁረቱን፣ ማስመለሱን፣ ቤት የቀየሩበትን ቀን ነገረቻት። ሐኪሟ እስከ መጨረሻው አዳመጠችና «የሞተን ሰው መርምሬ ነበረባት ልልዎት አልችልም» አለች። «የነገሩኝ ግን ከዚህ በሽታ ጋር ይመሳሰላል። በሽታው በአንዳንድ ቤተሰብ ውስጥ ይደጋገማል።» ከዚያ ወደ ልጅቷ ዞራ ስለ መድኃኒቱ አስረዳቻት። ክኒን ነው፣ በየቀኑ ይወሰዳል፣ ዕድሜ ልክ። አንድ ቀንም አይቋረጥም። ትኩሳት ከያዘሽ መጠኑ ይጨመራል፤ ካስመለሰሽ ደግሞ ነገ ሳትዪ በሩጫ እዚህ ትመጫለሽ። የመጀመሪያዋን ክኒን እዚያው በፕላስቲክ ብርጭቆ ውሃ አስዋጠቻት። ሁለተኛዋን ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንድትወስድ ነገረቻት።

አውቶቡስ ፌርማታው ላይ አክስቷ ስልኳን አውጥታ ደወለች። «ጌታዬ፣ ስለ ልጄ የነገርኩዎትን ይተዉት። ታማ ነው። ሐኪሟ አንድ ወር ትረፍ ብላለች፤ ቦታዋን እኔ እሸፍናለሁ።» ትንሽ አዳመጠች። «አይ ጌታዬ፣ አይቅጠሩ» አለችና ዘጋችው። ልጄ ያለችውን ልብ ያላለች መሰለች፤ ስልኩን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ አውቶቡሱ የሚመጣበትን ወገን መመልከት ጀመረች።

ቤት ሲደርሱ አያቷ ሬዲዮኑን ዝቅ አደረጉ። «ምን አሉ?» አክስቷ ልጅቷን አስቀመጠችና ቆማ ነገረቻቸው፤ የዕጢዎቹን ነገር፣ የሦስቱን ቁጥሮች ነገር፣ የክኒኑን ነገር። አዛውንቱ ሁሉም ባይገባቸውም ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። «እንኳን ተገኘ» አሉ። «እንኳን ተገኘ ልጄ።» አክስቷ ግን አልጨረሰችም። «አባባ፣ እህቴም ይኸው ነው የነበረባት።»

«ማን አለ?»

«ማንም አላለም። እኔ ነኝ የምለው።»

አያቷ እጃቸውን ዘርግተው ሬዲዮኑን ጭራሽ አጠፉት። ሳሎኑ ውስጥ የጎረቤት ውሃ ቧንቧ ሲንጠባጠብ ይሰማ ነበር። ሲናገሩ ወደ ሁለቱም አላዩም። «ወንበሩን ሁለት ጊዜ መሬት አስቀምጣ አረፈች» አሉ። «መጀመሪያ ማዕዘኑ ጋ። ኋላ ደግሞ አጥሩ ጋ። አጥሩ ጋ ሳለን ተቆጣኋት። ምን እንዳለችኝ ታውቂያለሽ? ለማንም ነግሬ አላውቅም። አባባ፣ ይቺ ስንፍናዬ እስክትለቀኝ ትንሽ ይጠብቁኝ አለችኝ። ስንፍናዬ አለች፤ በገዛ አፏ። ሰው ሲላት ሲላት አምናው ነበር ማለት ነው።»

«ጠበቋት?» አለች ልጅቷ።

አዛውንቱ አሁን አዩዋት። «አልጠበቅኋትም» አሉ።

አክስቷ ወደ ወጥ ቤት ሄደች። የውሃ ድምፅ ተሰማ፣ የሚታጠብ ዕቃ ግን አልነበረም። ልጅቷ ከአያቷ ጋር ብቻዋን ቀረች። ሰዓቷን አየች፤ አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ነው። ከቦርሳዋ ክኒኖቹን አውጥታ አንዷን ፈለቀቀች። አያቷ እጃቸውን ዘረጉ። ልጅቷ ትንሽ አመነታችና ክኒኗን መዳፋቸው ላይ አስቀመጠችላቸው። ድንጋይና ሲሚንቶ ሲያነሳ የኖረ መዳፍ ነው፤ ክኒኗ ከስንጥቆቹ በአንዱ ውስጥ ገብታ ልትጠፋ ትንሽ ቀራት። ወደ ዓይናቸው አቅርበው አዩዋት፣ አራቁና አዩዋት።

«ይህቺ ብቻ?» አሉ።

«ይህቺ ብቻ።»

በሁለት ጣታቸው አንስተው፣ እንዳትወድቅ በሌላ እጃቸው ከሥር ደግፈው መለሱላት። ከዚያ ከዘራቸውን ሳይይዙ ተነሱ። ግድግዳውን እየተደገፉ ወደ ወጥ ቤት ሄዱና አንድ ብርጭቆ ውሃ ሞልተው፣ ግማሹን መንገድ ላይ እያፈሰሱ ይዘውላት መጡ። ልጅቷ ልትቀበላቸው ስትነሳ «ተቀመጪ» አሏት። ተቀመጠች። ክኒኗን አፏ ውስጥ አድርጋ በቀረው ውሃ ዋጠች፤ አያቷም ባዶውን ብርጭቆ እስክትሰጣቸው ፊቷ ቆመው ነበር።